እህቴን አይቶ የተማረው ማሽን

ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር፤ ተጣልቼውም ነበር የምመለሰው። ታናሽ እህቴ ዓይኗ እንደማያይ ያሳበቀባት ግን ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ያውም ምላስ የሌለው ማሽን። አንድ ቤት አብሬያት እየኖርኩ፣ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ እኔ ያላወቅሁትን ነገር እሱ ሻይ እየቀዳ ነገረኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ።

እህቴ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት። ወላጆቻችን እኛን ሲያሳድጉ ትዕግሥታቸውን ጨርሰው ስለነበር እሷን ያሳደጋት የራሷ ምላስ ነው ማለት ይቻላል። በልጅነቷ ዓይኗ ለጉድ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሚመጣውን ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ተቆጥቶ ይሁን ደስ ብሎት ቀድማ የምትነግረን እሷ ናት። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ እሷ ከእኔ አልፋ ሄደች፤ ከዚያ ትታው አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ተቀጠረች። መጀመሪያ በጽዳት፣ ኋላ በሻይ ክፍል። ዕድሜዋን እዚያው ነው የፈጀችው። አንድ ጊዜ ታጭታም ነበር። ሰውዬው ጀምሮ የማይጨርስ ወሬ ነበረው። "የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ስጠብቅለት ልኖር ነው?" አለችና ተወችው። እሱም ለምን እንደተወችው ሊጠይቃት ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ እያልን እንስቅ ነበር።

እኔ ባሌ ከሞተ፣ ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ጓዜን ጠቅልዬ እሷ ቤት ገባሁ። ቤቱ የእሷ ነው፤ ሕጉም የእሷ። ወንበር ከቦታው አይነቃነቅም። ቢላ በቀኙ መሳቢያ ነው፣ እጀታው ወደ ሰው። ጨው በአጭሩ ብልቃጥ፣ ስኳር በረጅሙ። በር ወይ ጥርቅም ይላል ወይ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ገርበብ ብሎ አይቀርም። አንድ ቀን የምሰፋውን ጨርቅ ከነቅርጫቱ መተላለፊያው ላይ ትቼው እግሯን አደናቀፋትና ሙሉ ቀን አኮረፈችኝ። ኮሎኔሏ ብዬ ነበር የምጠራት። "ኮሎኔል ሆይ፣ ይህችን ጣሳ ከዚህ ወደዚያ ለማዛወር ፈቃድ እጠይቃለሁ" ስላት፣ "ተከልክለሻል፣ ወደ ሰልፍሽ ተመለሺ" ትለኛለች። ብቻዋን የኖረች ሴት አመል ነው ብዬ አስብ ነበር።

ቡናማ መነጽር ታደርጋለች፤ ብርሃን ራሷን እንደሚያማት ነግራኛለች። ደብዳቤ ሲመጣ "እትዬ፣ አንቺ አንብቢልኝ፤ በአንቺ ድምፅ ሲሆን ይጥመኛል" ትላለች። ከእኔ የበለጠ የተማረችው እሷ ሆና ማንበቡ እንዴት በእኔ ላይ እንደወደቀ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሰው አጠገቡ ያለውን ነገር አይጠይቅም መሰለኝ።

የተቋሙ ሰዎች የሚሠሩት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ነገር ላይ ነው። እሷ ስታስረዳኝ እንደገባኝ ሥራቸው ሁለት ነገር ማጋባት ነው። አንደኛው ማሽን ሰው ሲሠራ እያየ እንዲማር ማድረግ። ሁለተኛው፣ ግቡን ብቻ ሲነግሩት ከምን ጀምሮ በምን እንደሚጨርስ ራሱ እንዲያቅድ ማድረግ። ብርጭቆ ሳይታጠብ ሻይ አይቀዳም፤ ውሃ ሳይፈላ ቅጠሉ አይገባም። እንዲህ ያለውን "ይህ ሳይሆን ያ አይሆንም" የሚባል ነገር ሁሉ ድሮ ሰው ቁጭ ብሎ ለማሽኑ ይጽፍለት ነበር አሉ። አሁን ግን ማንም ሳይጽፍለት አይቶ ይወቀው ነው ነገሩ። ሁልጊዜ ከመቅዳት በፊት የሚደረግ ነገር ካየ፣ እንግዲህ ይህ ካልተደረገ ሻይ አይቀዳም ብሎ ይይዛል። ከዚያ ሲታዘዝ የያዘውን ሁሉ ሰካክቶ ዕቅድ ያወጣል።

ታዲያ የሚታይ ሰው ፈለጉ። የምርምሩ መሪ የሆነው ፕሮፌሰር ከእህቴ ሌላ አልታየውም። ዕቃ ሰብራ አታውቅም፤ አፍስሳ አታውቅም፤ ዛሬ የሠራችውን ነገም በዚያው መልክ ነው የምትሠራው። ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የሚያደርግ ሰው ማሽኑን ያምታታዋል፤ እሷ ግን ዝንፍ አትልም አለ። ይህን የነገረችኝ ቀን ቤት ስትገባ አንገቷ ረዝሞ ነበር። "ለሰው አስተማሪ ሳልሆን ለብረት ሆንኩ" አለችኝ።

ሥራውን የያዘችው አንዲት ቀጭን ወጣት ተመራማሪ ናት። እህቴ "ለምን" የሚል ስም አውጥታላት ነበር፤ ጠዋት ከሰላምታ በፊት ከአፏ የሚወጣው እሱ ስለሆነ። ይህችው "ለምን" በሻይ ክፍሉ ጣሪያ ላይ፣ ልክ ከጠረጴዛው በላይ፣ ካሜራ ሰቀለች። በእህቴ እጅ አንጓ ላይ ደግሞ ሰዓት የሚመስል ነገር አሰረችላት፤ እጇ ወዴት እንደሚሄድ የሚከታተል ነው። ለወራት እንዲሁ ሲቀረጽ ከረመ። እህቴ ማሽኑን "ተማሪዬ" ትለዋለች። እኔም ማታ ማታ ተማሪሽ እንዴት ነው እላታለሁ፤ ከልጆችሽ ይልቅ ይሰማል ትለኛለች።

በመጨረሻ ለእንግዶች የሚታይበት ቀን መጣ። ቤተሰብም ተጠርቶ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። ክንዴን ይዛ ነው የገባችው፤ ወለሉ ያዳልጣል ብላ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊት ለፊት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ላይ ማንቆርቆሪያ፣ ትሪና ብርጭቆዎች አሉ። ከጀርባው ማሽኑ ቆሟል፤ ሁለት ነጫጭ ክንዶች፣ ጫፋቸው ላይ ጣቶች፣ ከበላያቸው ሁለት ካሜራዎች። ካሜራዎቹ ዓይኖቹ ናቸው አለች ለምን፤ ጠረጴዛው ላይ የወደቀች ፀጉር እንኳን አታመልጣቸውም አለች።

ፕሮፌሰሩ ለማሽኑ የነገረው ግቡን ብቻ ነው፤ ለእንግዶቹ ሻይ ይቅረብ። ማሽኑ ትንሽ ዝም አለ። እያቀደ ነው አሉን። ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ ያደረገው አጠገቡ ያለውን ወንበር ጠረጴዛው ሥር መግፋት ነው። ወንበሩ በመንገዱ ላይ አልነበረም። ቀጥሎ በጣቱ ጀርባ የጠረጴዛውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው። ትሪውን አስቀመጠና የትሪውንም ዳር ዳበሰ። ብርጭቆ አነሳ፤ አፉን በጣቱ ዞረው። ማንቆርቆሪያውን አንስቶ የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር ቀስ አድርጎ አነካካ፤ ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የሌላኛውን እጁን አንድ ጣት ከብርጭቆው ውጭ፣ ከአፉ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ለጠፈና ቀዳ። ሻዩ ጣቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጠብታ አልፈሰሰም።

ሰው አጨበጨበ፤ ሳቅም ተሰማ። ከእንግዶቹ አንድ ድምፀ ወፍራም ሰውዬ፣ ሙቀት የማይሰማው ብረት ጣቱን ብርጭቆ ላይ የሚለጥፈው ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ጠየቀ። ተመራማሪዋ እየሳቀች መለሰች። ያስተማረችው ሴት ሁልጊዜ እንዲህ ስለምታደርግ ያለዚያ ሻይ የማይቀዳ መስሎት ነው፤ የእሷን አመል እንደ ሕግ ቆጥሮት ነው አለች። ሳቁ በረታ። እህቴም ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ያንን እጅ አውቀዋለሁ።

ልጆች ሆነን ቤታችን የምትኖር የአባታችን እህት ነበረች፤ ዓይነ ስውር። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ከብርጭቆው ጋር ለጥፋ ነው፤ ሙቀቱ ጣቷ ጋ ሲደርስ ታቆማለች። ዕቃ ከማስቀመጧ በፊት ጠርዙን በእጇ ጀርባ ትዳብሳለች። የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው ታነካካለች። ልክ እንዲሁ፤ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር እንዲሁ። እኔና እህቴ ሥሯ ቁጭ ብለን እናያት ነበር። ኋላ ቤተሰቡ አዘነላትና፣ ተይው ትቃጠያለሽ፣ እኛ አለንልሽ፣ አንቺ ተቀመጪ እያለ ጥግ ካለው አልጋ ላይ አስቀመጣት። ተቀመጠች። ስንቀርባት እጇን ዘርግታ "ዛሬስ የምሠራው ነገር አላመጣችሁልኝም?" ትለን ነበር። ከዚያ አልጋ ሳትነሳ ሞተች።

ወደ እህቴ ዞር አልኩ። ፈገግ እንዳለች ነው። ፊቷ ግን ማሽኑ ላይ አልነበረም፤ ድምፅ ማጉያው ወዳለበት ወደ ጎን ነበር። ከቦርሳዬ መሐረብ አወጣሁና ቃል ሳልተነፍስ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። አልተቀበለችኝም። ወደ ዓይኗ አስጠጋሁት፤ ዓይኗን አላርገበገበችም። በመነጽሩ ጎን አጮልቄ ሳይ፣ ያ ከመንገድ ማዶ ሰው የሚለይ ዓይን ጉም ለብሶ ነጥቷል። መሐረቡ እጄ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ዙሪያዬን ሰው ያጨበጭባል። ፀጉር የማታመልጠው ማሽን ምንም እንደማያይ ሰው እየዳበሰ ሲሠራ ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ።

በታክሲ ተመለስን። ቤት ገብተን እሷ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ስትሰቅል አየኋት፤ ሳትዳብስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እጇን ሰዳ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ዓይንሽ፣ እታለም።"

ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆመች። "ማን ነገረሽ?"

"ተማሪሽ።"

ትንሽ ቆይቶ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት ስጠጋ ለካ እየሳቀች ነው። "አሳባቂ" አለች። "ወራት ሙሉ ባስተምረው አሳባቂ ሆኖ ቁጭ አለ።"

ከዚያ ተቀምጣ ሁሉንም አወጣችው። ግራው ድሮ ነው የሄደው። ቀኙ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ መጥቶ አሁን የሚታያት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። አውቶቡሱን በሞተሩ ታውቀዋለች፤ ፕሮፌሰሩን በሳሉ፤ ለምንን በጥያቄዋ። ደረጃውን እግሯ ያውቀዋል። አንድ ነገር በጠየቅኋት ቁጥር መልስ ነበራት፤ እኔን ደግሞ ይበልጥ ያስደነገጠኝ መልሷ ነው። የወንድማችን ልጅ ስትዳር የሙሽራዋን ቀሚስ ከሁላችን በላይ ያደነቀችው እሷ ነበረች። ጎኗ የተቀመጡት ሴቶች ሲያወሩ ሰምታ፣ ከራሷ ትንሽ ጨምራበት ነው። አሻሽዬዋለሁ እንጂ አላበላሸሁትም አለችኝ።

ታዲያ ካሜራ ሲሰቅሉብሽ እንዴት እሺ አልሽ አልኳት።

"እጄን ነው የሚያየው አሉኝ" አለች። "ዓይንሽን ቢሉኝ እምቢ እል ነበር።"

ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘች። "እትዬ፣ ስሚኝ። ሻይ ክፍሌን እንዳታስወስጂብኝ። እንደ አክስታችን ጥግ አታስቀምጡኝ። ዓይኔ ሲሄድ አላለቀስኩም። እጄ ሥራ ካጣ ግን ያኔ አበቃልኝ።"

ምን ልበላት? የምትይዘው የፈላ ውሃ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በር ተንኳኳ። እህቴ ከመክፈቷ በፊት በአንኳኳቷ አውቃት "ግቢ፤ ጥያቄሽንም ይዘሽ ግቢ" አለች። ተመራማሪዋ ገብታ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የዚያ ድምፀ ወፍራም እንግዳ ጥያቄ አልለቀቃትም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እነዚያን የአመል ነገሮች ከማሽኑ ላይ አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ ወንበር መግፋቱን፣ ጠርዝ መዳበሱን፣ ማነካካቱን፣ ጣት መለጠፉን። ማሽኑም ያለ እነሱ እንደገና አቀደና ሳያፈስ ቀዳ፤ ያውም በፊት ከቀዳው ፈጥኖ። ስለዚህ ለሚያይ ለማንም አንዱም አያስፈልግም። ታዲያ ለማን ነው የሚያስፈልገው ብላ ስታስብ ውላ መጣች። ይህን ሁሉ ስትናገር እህቴን አታይም፤ የራሷን ጉልበት ነው የምታየው።

"አያዩም አይደል?" አለች በመጨረሻ።

"አላይም።"

"ለምን አልነገሩንም?"

"ብነግራችሁ ሻይ ታስቀዱኝ ነበር?"

ልጅቷ ጥያቄ ወደ እሷ ሲመጣ አይታ የምታውቅ አልመሰለኝም። "አናስቀዳዎትም ነበር" አለች። ዋሽታ ማለፍ ስትችል እንዲህ በማለቷ ነው እስከ ዛሬ የምወዳት።

ችግሩን ከዚያ ነገረችን። ምርምሩ ይታተማል። ማሽኑ ለምን እንደዚያ እንዳቀደ ሲጻፍ ከማን እንደተማረ እውነቱ መነገር አለበት፤ አለዚያ ውሸት ይሆናል። እውነቱ ከተነገረ ደግሞ አስተዳደሩ ይሰማል፤ ከሰማ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ይወስዳል። እህቴ ጨርቋን አውጥታ ንጹሑን ጠረጴዛ ትወለውላለች።

"አንቺም አትናገሪ፤ እትዬም አትናገር" አለች። "የራሴን ጉድ ራሴ እናገራለሁ።"

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ፕሮፌሰሩ ሲሰማ እጁ ላይ ያለውን የሻይ ብርጭቆ፣ እሷው የቀዳችለትን፣ ትክ ብሎ አየው። የአስተዳደር ኃላፊዋ ግን ወዲያው መቁጠር ጀመረች። አደጋ አለች፣ የፈላ ውሃ አለች፣ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የሐኪም ማስረጃ እስኪመጣ ከሻይ ክፍል ትራቅ ብላ ወሰነች። እህቴ ቁልፏን አስረከበች። ቤት መጥተን ጥጉ ላይ ካለው ሶፋ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ። አክስታችን ተመልሳ የመጣች መሰለኝና ዘገነነኝ። ለእሷም ሳይታወቃት አልቀረም፤ ብድግ አለችና የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና አጠበቻቸው።

ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ግራ ዓይኗን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የዓይን ግፊት ጎድቶታል፣ አይመለስም። ቀኙን ግን አየና፣ መብራቱን ቀይሮ እንደገና አየ። ሞራ ነው አለ። ከኋላ ያለው ነርቭ ደህና ነው፤ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ጠዋት ገብታ ከሰዓት ቤቷ ትገባለች።

"እማማ፣ እስካሁን የት ነበሩ?" አላት።

ሐኪም ቤት ያልሄደችው ሐኪም እንዳያውቅባት ነው። ሐኪም ካወቀ መሥሪያ ቤቷ ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቷ ካወቀ ጥግ ያስቀምጡኛል ብላ። ያን ሁሉ ዘመን ዕቃ እየዳበሰች የኖረችው በአንድ ጠዋት የሚወጣ ነገር ደብቃ ነው። ከማሽኑም ከምኑም ይህ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ከበሩ እንደወጣን "ምንም እንዳትዪኝ" አለች። ክንዴን ሰጥቻት ወደ ቤት ሄድን።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው የተነሳ ዕለት ፊት ለፊቷ የቆምኩት እኔ ነኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። "እትዬ?" አለች፤ እርግጠኛ እንዳልሆነ ሰው። በእሷ ዓይን የቀረሁት ፀጉሬ ጥቁር ሆኖ ነው ለካ። "እናታችንን መስለሻል" አለችኝ። ከዚያ መስታወት ጠየቀች። ራሷን አይታ ክው አለች፤ ቆይታም "እዚህም አለች" ብላ መስታወቱን መለሰችልኝ።

ኃላፊዋ የሐኪሙን ወረቀት ተቀበለች፤ ግን ስትቀዳ ሳላይ አልፈርምም አለች። በተባለው ቀን ኃላፊዋ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ለምንና እኔ ሻይ ክፍል ተሰበሰብን። እህቴ ገባችና ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየች። ግድግዳውን ማን አረንጓዴ እንደቀባው ጠየቀች። አረንጓዴ ከተቀባ ዘመን ሆኖታል።

ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ያቺን አንድ ዓይኗን ብርጭቆው ላይ ተክላ፣ ሳትዳብስ ቀዳች። ሻዩ ብርጭቆውን ስቶ በጎኑ ወረደና ትሪውን አጥለቀለቀው። አፍስሳ የማታውቀው እህቴ አፈሰሰች። ተመራማሪዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኃላፊዋ ብዕሯን ከደነችው። እኔ እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እህቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ትሪውን ወለወለች። ወንበሩን ጠረጴዛው ሥር ገፋች። ከዚያ ያንን ገና የተመለሰላትን ዓይን ጨፈነችው። የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጇ ጀርባ ዳበሰች፤ የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው አነካካች፤ ጣቷን ለጠፈች። ብርጭቆዎቹን በሙሉ ሞላቻቸው። ትሪው ደረቅ ነበር።

ኃላፊዋ ብዕሩን መልሳ ከፈተች፤ ግን ምን ብላ እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ዞር ዞር ብላ አየችን። ያየችው ሴትዮ እያየች ስታፈስ፣ ጨፍና ስትቀዳ ነው። ታያለች ብላ ትጻፍ፣ ወይስ ትችላለች ብላ? እንዲህ ብላ በእውነት ተጨንቃ ጠየቀችን።

እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ አንዱን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረገች። "መጀመሪያ ይጠጡት፤ እየቀዘቀዘ ነው" አለቻት።

ኃላፊዋ ቆማ ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ "ትችላለች" ብላ ጻፈችና ፈረመች።